ጽጌረዳ በስምጥ ሸለቆ፦ የእሾሃማው ቁጥቋጦ አመራረትና የዝዋይ ሐይቅ ውሃ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሞጆ በኩል ወደ ሐዋሳ የሚያመራ ተጓዥ 130 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ የምሥራቅ ሸዋ ዞን የዱግዳ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን መቂን ያገኛል። መቂ በቲማቲም፣ በሽንኩርትና በጥቅል ጎመን ምርቷ የታወቀች ስትሆን፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚደረደሩት የቲማቲም ሳጥኖች ለመንገደኛው የከተማዋ መታወቂያ ናቸው። ከዚያ ወደ ደቡብ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲዘለቅ ደግሞ በባቱ፣ በቀድሞ ስሟ በዝዋይ ከተማ ዳርቻ፣ ነጭ ላስቲክ የለበሱ ግሪን ሃውሶች ተያይዘው ይታያሉ። በውስጣቸው የሚለማው ጽጌረዳ ነው። የመቂ ሽንኩርትና የባቱ ጽጌረዳ በገበያቸው፣ በባለቤታቸውና በቴክኖሎጂያቸው ፈጽሞ የተለያዩ ቢሆኑም ውሃቸው ግን አንድ ነው። ሁለቱም የሚጠጡት ከዝዋይ ሐይቅ፣ ወደ ሐይቁ ከሚገቡት ወንዞችና ከአካባቢው የከርሰ ምድር ውሃ ነው።

በዚህ ምክንያት ለአበባ እርሻ መሬት የሚያዘጋጅ፣ የውሃ ፈቃድ የሚፈርም ወይም የአካባቢ ተጽዕኖ ሰነድ የሚመረምር የመንግሥት ሠራተኛ የተክሉን ጠባይ ማወቁ ከሥራው ውጪ የሆነ ጉዳይ አይደለም። ጽጌረዳ ምን ያህል ውሃ እንደሚፈልግ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚፈልግ ያልተረዳ ፈቃድ ሰጪ፣ የሐይቁን ሒሳብ በክረምት ሠርቶ በበጋ ይሳሳታል።

ጽጌረዳ ከእንጆሪ፣ ከፖምና ከኮክ ጋር የአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ አባል የሆነ፣ ግንዱ እንጨታማ፣ ቅርንጫፉ እሾሃማ ቁጥቋጦ ነው። እሾህ ይባል እንጂ በዕፅዋት ጥናት አነጋገር የጽጌረዳው እሾህ ከግራር እሾህ ይለያል። የጽጌረዳው ከግንዱ ልጥ ላይ ብቻ የሚበቅል በመሆኑ በጣት ገፋ ሲያደርጉት ይነሳል፤ የግራሩ ግን ከእንጨቱ ጋር የተሰናሰለ ነው። ክረምታቸው በረዷማ በሆነ አገሮች ጽጌረዳ ቅጠሉን አርግፎ፣ ዕድገቱን አቁሞ ለወራት ያርፋል። ሙቀት ሲመለስ ከተገረዘው ግንድ እንደገና ያቆጠቁጣል።

የአገራችን የራሷ ጽጌረዳ ቀጋ ነው። ቀጋ ከሰሃራ በስተደቡብ ባለው የአፍሪካ ክፍል በተፈጥሮ የሚበቅል ብቸኛ የጽጌረዳ ዝርያ ሲሆን፣ በደጋና በወይና ደጋ በወንዝ ዳርና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር አካባቢ ነጭ መዓዛማ አበባውን ዘርግቶ ይገኛል። ቀይና ብርቱካናማ ፍሬውን እረኞች ይበሉታል፤ ቁጥቋጦው ደግሞ ለአጥር ይውላል። የመቂ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,640 ሜትር ገደማ ስለሆነ ስፍራው ለቀጋ ቆላማ ነው። በግሪን ሃውስ የሚለሙት ዝርያዎችም የቀጋ ልጆች አይደሉም። እነርሱ የአውሮፓና የእስያ ጽጌረዳዎችን በማዳቀል የተገኙ ናቸው።

በዚህ የማዳቀል ታሪክ ውስጥ ለጉዳያችን ዋና የሆነ አንድ ነጥብ አለ። የጥንቶቹ የአውሮፓ ጽጌረዳዎች አብዛኞቹ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ አብበው የሚያርፉ ነበሩ። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ19ኛው መጀመሪያ ከቻይና የመጡ ጽጌረዳዎች ግን ደጋግሞ የማበብ ጠባይ ነበራቸው። የሁለቱ ዲቃላዎች ይህንን ጠባይ ወረሱ። ለዛሬው የገበያ ጽጌረዳ መነሻ ከሚባሉት ዝርያዎች አንዱ የሆነው ላ ፍራንስ እ.ኤ.አ. በ1867 ለገበያ የቀረበው በፈረንሳይ ነበር። እንዲህ ያለው ዲቃላ በረዶ ባለበት አገር ሲተከል ብርዱ አስገድዶ ያስተኛዋል። በምድር ወገብ አቅራቢያ፣ ብርሃኑ ዓመቱን ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዓት በሚጠጋበትና ውርጭ በማይታወቅበት በመቂና በባቱ ግን የሚያስተኛው ነገር የለም። ቅጠሉን አያረግፍም፤ በየስድስትና በየስምንት ሳምንቱ እየተቆረጠ እንደገና ያብባል። የስምጥ ሸለቆ የአበባ ኢንቨስትመንት ትርፍ የተመሠረተው በዚህ ዕረፍት በሌለው ዕድገት ላይ ነው። በሐይቁ ላይ የሚያሳድረው ጫናም የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ኢትዮጵያ ጽጌረዳን በስፋት ለውጭ ገበያ ማቅረብ የጀመረችው በ1990ዎቹ ዓ.ም. ነው። መንግሥት ለዘርፉ ባለሀብቶች መሬት በአነስተኛ የሊዝ ዋጋ ሲያቀርብ፣ የኢትዮጵያ ልማት ባንክ የረጅም ጊዜ ብድር ሲሰጥ፣ የገቢ ግብር እፎይታና ከቀረጥ ነጻ የማስገባት መብትም ተጨመረ። የኢትዮጵያ ሆርቲካልቸር አምራቾችና ላኪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2002 ተቋቋመ። በመንግሥት በኩል ደግሞ በ2000 ዓ.ም. የሆርቲካልቸር ልማት ኤጀንሲ ተመሥርቶ ዘርፉን ሲያስተባብር ከቆየ በኋላ በሌላ አደረጃጀት ተተክቷል። በባቱ የኔዘርላንድ ባለሀብቶች ያቋቋሙት ሼር ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ሰፋፊ ግሪን ሃውሶችን ገንብቶ ከአሥር ሺህ በላይ ሠራተኞችን የያዘ እርሻ ሲሆን፣ በከተማዋ ሆስፒታልና ትምህርት ቤትም ሠርቷል። በጥቂት ዓመታት ውስጥም ኢትዮጵያ ከኬንያ ቀጥላ በአፍሪካ ሁለተኛዋ የአበባ ላኪ አገር ለመሆን በቃች።

የመጀመሪያዎቹ እርሻዎች በአብዛኛው የተተከሉት በሆለታ፣ በሰበታ፣ በመናገሻና በቢሾፍቱ ዙሪያ በደጋና በወይና ደጋ ነበር። ከፍታው የአበባውን ዓይነት ይወስናል። ከ2,200 ሜትር በላይ ባለው ቀዝቃዛ ስፍራ አበባው ቀስ ብሎ ስለሚያድግ እምቡጡ ትልቅ፣ ዘንጉ ረጅም ይሆናል፤ ከቆረጣ እስከ ቆረጣ ግን ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። በባቱ ከፍታ እምቡጡ አነስ ይላል፤ በዚያው ልክ ግን በዓመት ከአንድ ካሬ ሜትር 200 ዘንግና ከዚያም በላይ ይሰበሰባል። በጨረታ የሚሸጠው ትልልቁ አበባ ከደጋው ሲመጣ፣ በአውሮፓ የሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ በእቅፍ በእቅፍ ታስሮ የሚቀርበው አነስተኛ አበባ በብዛት የሸለቆው ምርት መሆኑ ከዚህ የተነሳ ነው።

አተካከሉን በተመለከተ መጀመሪያ የሚታየው አፈሩ ነው። ጽጌረዳ የሚስማማው መጠነኛ አሲዳማነት ያለው፣ የፒኤች መጠኑ ከ5.5 እስከ 6.5 የሆነ አፈር ነው። የመካከለኛው ስምጥ ሸለቆ አፈር ግን ከእሳተ ገሞራ የተገኘና በአብዛኛው አልካላይን በመሆኑ ተክሉ በአፈሩ ውስጥ ያለውን ብረት መሳብ ይሳነዋል። ምልክቱም የቅጠሉ ሥር አረንጓዴ እንደሆነ ሆኖ የቀረው ክፍል ቢጫ መሆኑ ነው። ብዙ እርሻዎች ይህንን ችግር የተሻገሩት አፈሩን በመተው ነው። ከመሬት ከፍ ብሎ በተሠራ ገንዳ ውስጥ በተለምዶ ቀይ አሽ የሚባለውን የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ ፑሚስ ወይም ከውጭ የሚመጣ የኮኮናት ቃጫ ይሞላሉ። ተክሉ ምግቡን ሙሉ በሙሉ የሚያገኘው በውሃ ከተሟሟ ማዳበሪያ ነው። ቀይ አሽና ፑሚስ ከአካባቢው የሚገኙ መሆናቸው ለሸለቆው ትልቅ ጥቅም ነው።

ችግኙ የሚዘጋጀው በክተባ ነው። ከሥር ሆኖ ተክሉን የሚሸከመው ጠንካራ ዝርያ ሥረ ግንድ ይባላል። በምሥራቅ አፍሪካ በስፋት የሚሠራበት ናታል ብራየር የተባለው ነው። በላዩ የሚከተበው አበባው የሚፈለገው ዝርያ ሲሆን፣ ከሁለቱ አንድ አንድ ቁራጭ ተጋጥሞ ታስሮ በእርጥበታማ ቤት ውስጥ እንዲጣበቅና ሥር እንዲያወጣ ይደረጋል። በአንድ ካሬ ሜትር ከሰባት እስከ ስምንት ተክል ይተከላል፤ ይህም በሄክታር ከ70 እስከ 80 ሺህ መሆኑ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚወጡት ቅርንጫፎች አይቆረጡም። ወደ ጎን ጎንበስ ተደርገው ይተዋሉ፤ ቅጠሎቻቸው ምግብ እያዘጋጁ ከሥር የሚወጣውን ወፍራም አዲስ ቅርንጫፍ ይመግባሉ። ተክሉ ከተተከለ ከአራት እስከ አምስት ወር ባለው ጊዜ ለገበያ የሚሆን ዘንግ መስጠት ይጀምራል። በደንብ ከተያዘ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ካመረተ በኋላ ይነቀላል።

በዚህ መካከል ስለ ዝርያ ባለቤትነት መታወቅ ያለበት ጉዳይ አለ። የገበያ ጽጌረዳ ዝርያዎች አብዛኞቹ የአዳቃይ ኩባንያዎች ንብረት ስለሆኑ አምራቹ በተክል ልክ ክፍያ ይፈጽማል። ኢትዮጵያ የዕፅዋት አዳቃዮች መብት አዋጅ ቁጥር 481/1998ን ስታወጣ ከገፊ ምክንያቶቹ አንዱ ያለዚህ ዋስትና አዳቃዮች አዳዲስ ዝርያዎቻቸውን ወደ አገሪቱ ለማስገባት ፈቃደኛ አለመሆናቸው ነበር። አዋጁ በኋላ በሌላ አዋጅ ተተክቷል።

የሙቀቱ ነገር በሸለቆው ብዙ አያስቸግርም። ጽጌረዳ ቀን ከ24 እስከ 28፣ ሌሊት ከ14 እስከ 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆንለት ይመቸዋል። በባቱና በመቂ የግሪን ሃውስ ላስቲክ ዋና ተግባር ሙቀት መያዝ ሳይሆን ዝናብን፣ ንፋስንና አቧራን መከላከል ነው። የቀትሩን ሙቀት ለማስወጣት የጣሪያና የጎን መክፈቻዎች በሰዓታቸው መከፈታቸው በቂ ነው።

ምርቱ የሚታቀደው በአውሮፓ የበዓል ቀኖች መሠረት ነው። የፍቅረኞች ቀን የሚባለው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 የዓመቱ ከፍተኛ ገበያ ሲሆን፣ የሴቶች ቀንና የእናቶች ቀን ይከተሉታል። አበባው ለየካቲት 7 በአውሮፓ መደብር እንዲገኝ ተክሉ በኅዳር መጨረሻና በታኅሣሥ መጀመሪያ ተቆርጦ እንደ አዲስ እንዲያቆጠቁጥ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ያሉት ሰባት ወይም ስምንት ሳምንታት ተክሉ አብዝቶ የሚጠጣባቸው ናቸው። እነዚህ ሳምንታት በኢትዮጵያ የበጋ እምብርት ናቸው። የሐይቁ ውሃ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የሚደርሰው በመስከረምና በጥቅምት ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ እስከ ግንቦትና ሰኔ ድረስ ይወርዳል። የመቂ አርሶ አደር የመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲሙን የሚያጠጣውም በእነዚሁ ወራት ነው። ስለዚህ የዓመት አማካይ ብቻ የተጻፈበት የውሃ ፈቃድ ዋናውን ጥያቄ አልመለሰም ማለት ነው።

መጠኑን በሒሳብ ማየት ይቻላል። በግሪን ሃውስ የሚለማ ጽጌረዳ በቀን በካሬ ሜትር ከ4 እስከ 6 ሊትር ውሃ ይወስዳል። በአማካይ 5 ሊትር ቢያዝ በሄክታር በቀን 50 ሜትር ኩብ፣ በዓመት ደግሞ 18,250 ሜትር ኩብ ይሆናል። ከአንድ ካሬ ሜትር 200 ዘንግ ቢሰበሰብ አንድ ዘንግ ጽጌረዳ 9 ሊትር ያህል ውሃ ጠጥቶ ወደ አውሮፓ ይሄዳል ማለት ነው። የዝዋይ ሐይቅ ስፋት 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከሐይቁ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ ቢነሳ 440 ሺህ ሜትር ኩብ ነው። በዚህ ስሌት አንድ መቶ ሄክታር ጽጌረዳ በዓመት ከሐይቁ የሚያነሳው አራት ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ፀሐይና ንፋስ በትነው ከሚወስዱት ጋር ሲነጻጸር ይህ ጥቂት ነው፤ ከሐይቁ ገጽ በትነት የሚሄደው ውሃ በዓመት ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ነውና።

ከዚህ ተነስቶ «ሐይቁን ያደረቀው አበባ ነው» ማለት ስህተት ነው። «የአበባው ድርሻ ኢምንት ነው» ብሎ ፋይሉን መዝጋትም እንዲሁ። የሐይቁ አማካይ ጥልቀት 2.5 ሜትር ያህል ብቻ ነው። የሚገቡት ዋና ዋና ወንዞች ሁለት ናቸው፤ ከጉራጌ ተራሮች የሚነሳው የመቂ ወንዝና ከአርሲ ተራሮች የሚነሳው የቀታር ወንዝ። ሁለቱም በላይኛው ተፋሰስ ለመስኖ ይጠለፋሉ። የሚወጣው አንድ ብቻ ነው፤ ወደ አብያታ ሐይቅ የሚፈሰው የቡልቡላ ወንዝ። ዝዋይ ጥቂት አሥር ሴንቲ ሜትሮች ሲወርድ ቡልቡላ ይሳሳል። መውጫ የሌለው አብያታ ደግሞ ከላይ ያጣውን ውሃ የሚተካለት ስለሌለ ይሸሻል። በአብያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የሚገኘው ይህ ሐይቅ ባለፉት አሥርት ዓመታት በእጅጉ መጥበቡ በዓይን የሚታይ ነው። ከሐይቁ ላይ የሚነሳው እያንዳንዱ ውሃ ከሌላው ጋር ተደምሮ የሚቆጠር ነው። የአበባው፣ የመቂ ሞተር ፓምፖች፣ የወይን እርሻውና የከተሞቹ ውሃ በአንድ መዝገብ ላይ ሊገኙ ይገባል።

መፍትሔ ሊሆን የሚችለው ነገር በጣሪያው ላይ ነው። የመቂና የባቱ ዓመታዊ ዝናብ 700 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የአንድ ሄክታር ግሪን ሃውስ ጣሪያ ይህን ዝናብ ቢሰበስብ 7 ሺህ ሜትር ኩብ ውሃ ያገኛል፤ ይህም የዓመት ፍላጎቱ ከሦስት አንድ እጅ በላይ ነው። ዝናቡ በክረምት፣ ፍላጎቱ በበጋ ስለሆነ በቂ ኩሬ ያስፈልጋል። ኩሬው ላስቲክ ካልተነጠፈበት ውሃው ወደ መሬት ይሰርጋል፤ ካልተሸፈነ ደግሞ ይተናል። ወጪ አለው፤ ቢሆንም የዝናብ ውሃ ጨውና ባይካርቦኔት የሌለበት በመሆኑ ለጽጌረዳ ከሐይቁም ከጉድጓዱም ውሃ የተሻለ ነው። በሸለቆው ብዙ ጉድጓዶች ሶዲየምና ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ስለሚሰጡ አምራቹ ራሱ ከኩሬው ይጠቀማል። አዲስ ግሪን ሃውስ ለመገንባት በሚቀርብ ንድፍ ላይ የጣሪያ ውሃ ማጠራቀሚያ መኖር አለመኖሩ መጀመሪያ ሊታይ የሚገባው ገጽ ነው።

ሁለተኛው ከገንዳው ሥር የሚወጣው ውሃ ነው። በቀይ አሽ ወይም በኮኮናት ቃጫ የሚለማ ጽጌረዳ ጨው እንዳይከማችበት ከሚያስፈልገው በላይ ይጠጣል፤ ትርፉ ማዳበሪያ እንደያዘ ይፈስሳል። ይህ ውሃ ተሰብስቦ፣ ተጣርቶና ከጀርም ነጽቶ ተመልሶ ሲሠራበት ውሃም ማዳበሪያም ይቆጠባል። ወደ ሐይቁ ከተለቀቀ ግን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ጥልቀት በሌለው ሙቅ ውሃ ውስጥ አልጌና እምቦጭ ይመግባሉ። ቆሮሶና አምባዛ የሚያጠምዱት ዓሣ አስጋሪዎችና በደሴቶቹ ላይ የሚኖሩት የዛይ ብሔረሰብ አባላት ጉዳቱ መጀመሪያ የሚደርሳቸው ናቸው። በባቱ ደንገልና ሌሎች ውሃ ወዳድ ተክሎች የተተከሉባቸው ሰው ሠራሽ ረግረጋማ ማጣሪያዎች ተሠርተው አገልግሎት መስጠታቸው በበጎ የሚታይ ነው። ማጣሪያው ግን ተክሉ በየጊዜው ካልታጨደና ዝቃጩ ካልተነሳ ኩሬ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ተቆጣጣሪው መጠየቅ ያለበት መሠራቱን ሳይሆን ለመጨረሻ ጊዜ የጸዳበትን ቀን ነው።

ተባይና በሽታ ሌላው ሰፊ ምዕራፍ ነው። በቅጠሉ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚያስመስለው ሻጋታ፣ ከቅጠሉ ሥር የሚጀምረው ሌላው ሻጋታና እምቡጡን የሚያበሰብሰው ግራጫ ሻጋታ እርጥበት ባለበት ይበረታሉ። በደረቁ ወራት ደግሞ በዓይን በጭንቅ የሚታየው ቀይ ሸረሪት መሰል ተባይ፣ ትሪፕስና ክሽክሽ ይበዛሉ። ቀይ ሸረሪት መሰሉ ተባይ ቶሎ ቶሎ ስለሚራባ ኬሚካሉን በአጭር ጊዜ ይለማመደዋል። አምራቹ መጠኑን ይጨምራል፤ ተባዩም እንደገና ይለማመዳል። ከዚህ አዙሪት ለመውጣት በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ተባዩን የሚበሉ ጥቃቅን አዳኝ ነፍሳት በኢትዮጵያ የጽጌረዳ እርሻዎች ተሞክረው ውጤት በማሳየታቸው በስፋት ሥራ ላይ ውለዋል። አዳኞቹ በሕይወት እንዲቆዩ ሌላውም ርጭት መመረጥ ስላለበት ዘዴው የኬሚካል አጠቃቀምን በአጠቃላይ የሚገራ ሆኗል። የአምራቾችና ላኪዎች ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ያደረገው የአሠራር ደንብ፣ በ2002 ዓ.ም. የወጣው የጸረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002ም የዚሁ ጥረት አካል ናቸው።

የሠራተኛው ጤና በዚህ ሥር የሚታይ ነው። በግሪን ሃውስ ውስጥ ከሚሠሩት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። ከርጭት በኋላ ወደ ቤቱ መግባት የሚቻልበት ሰዓት በኬሚካሉ ዓይነት ይለያያል። ይህ ሰዓት በበሩ ላይ በሚነበብ ቋንቋ፣ በአካባቢው በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፣ መለጠፍ አለበት። የርጭት ሠራተኞች የተሟላ የመከላከያ ልብስና በየጊዜው የደም ምርመራ ያስፈልጋቸዋል። የተገረዘው ቅርንጫፍና የተወገደው አበባ ኬሚካል ያለበት በመሆኑ ለከብት መኖነት መሰጠት የለበትም፤ በአግባቡ ወደ ብስባሽነት ሊለወጥ ግን ይችላል።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ገበያው ራሱ አዲስ መስፈርት ጨምሯል። ፎልስ ኮድሊንግ ሞዝ የተባለው የእሳት ራት ዘር እጭ በአፍሪካ ጽጌረዳ እምቡጥ ውስጥ ተደብቆ ወደ አውሮፓ እንዳይገባ የአውሮፓ ኅብረት ያወጣው ጥብቅ ደንብ ከሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ ሆኗል። አምራቹ ከእርሻ እስከ ማሸጊያ ድረስ ተባዩን የሚከላከልበትን ሥርዓት በመዝገብ ማሳየት ይጠበቅበታል። የመንግሥት የዕፅዋት ጤና ባለሙያ ፊርማም ከቀድሞው የበለጠ ክብደት አግኝቷል።

አበባው የሚቆረጠው ማለዳና ከሰዓት በኋላ፣ እምቡጡ መከፈት ሲጀምር ነው። ተቆርጦ ወዲያው ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ በዝርያና በርዝመት ተለይቶ ከታሰረ በኋላ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ማቀዝቀዣ ክፍል ይቆያል። ከዚያ በማቀዝቀዣ መኪና ወደ ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ይጓዛል። ሞጆን ከባቱ የሚያገናኘው የፍጥነት መንገድ ለዚህ ምርት የሚሰጠው ጥቅም በሰዓት ብቻ አይለካም። መኪናው ሲንገጫገጭ እምቡጡ በካርቶኑ ውስጥ እየተጋጨ ይጠቁራል፤ ጉዳቱ የሚታየው ግን አውሮፓ ሲደርስ ነው። ዘርፉ በአውሮፕላን ጭነትና በአንድ አህጉር ገበያ ላይ መንጠልጠሉ ምን ማለት እንደሆነ በ2012 ዓ.ም. መጋቢት በኮቪድ 19 ምክንያት ገበያው ሲዘጋ ታይቷል፤ በወቅቱ ለሽያጭ የደረሰ አበባ ተቆርጦ ተጥሏል።

ሕጉን በሚመለከት በ1992 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ከሌሎች አገልግሎቶች ሁሉ በፊት ለቤት ውስጥ ፍጆታ የሚውል ውሃ ቅድሚያ እንዲሰጠው ደንግጓል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ከግንባታ በፊትና በኋላ የሚጠየቁትን ግዴታዎች ዘርግተዋል። የተፋሰሱ አስተዳደር ኃላፊነት ባለፉት ዓመታት ከአንድ ጊዜ በላይ ከተቋም ወደ ተቋም ተዘዋውሯል። በእንዲህ ያለ ርክክብ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው አዋጁ ሳይሆን የቆጣሪው ንባብ ነው። አንድ የወረዳ ባለሙያ በእጁ ሊኖሩት የሚገቡት ሰነዶች የተወሳሰቡ አይደሉም፤ የእያንዳንዱ ፓምፕ የወር ቆጣሪ ንባብ፣ የሐይቁ ከፍታ መለኪያ ንባብና ከማጣሪያው በሚወጣው ውሃ ላይ የተደረገ የናይትሬትና የፎስፌት ምርመራ ውጤት ናቸው። በመቂ ዙሪያ ላሉት በሺህ ለሚቆጠሩ አነስተኛ የአትክልት አልሚዎችም ተመሳሳይ መዝገብ ያስፈልጋል። በቦይ የሚለቀቀው የሽንኩርት ውሃ ብዙው ክፍል ከሥሩ ሳይደርስ ይባክናልና፣ ጠብታ መስኖ ለአበባው ብቻ የተተወ ቴክኖሎጂ መሆን የለበትም።

ጽጌረዳን በመሥሪያ ቤት ወይም በመኖሪያ ግቢ ለማሳደግ ለሚፈልግ ግን ይህ ሁሉ መሣሪያ አያስፈልግም። በመቂና በአካባቢዋ ጥልቀቱም ስፋቱም ሃምሳ ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ተቆፍሮ የላይኛው አፈር ከበሰበሰ ፍግና ከቀይ አሽ ጋር ተደባልቆ ይመለስበታል። ችግኝ መግዛት ያልቻለ የእርሳስ ውፍረት ያለውን ቅርንጫፍ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ቆርጦ ሁለት ሦስተኛውን በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀብሮ በጥላ ቢያቆየው በአንድ ወር ተኩል ገደማ ሥር ያወጣል። በሳምንት ሁለት ጊዜ አሥር አሥር ሊትር ውሃ በግንዱ ሥር ይበቃዋል፤ ቅጠሉ ላይ ማርከፍከፍ ሻጋታን ይጋብዛል። የጉድጓድ ውሃ በአፈሩ ላይ ነጭ ጨው እያስቀረ ከሄደ በጣሪያ ከተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ጋር ማፈራረቅ ይረዳል። ዋናው ገረዛ በግንቦት መጨረሻ ቢደረግ አዲሱ ቅርንጫፍ ከክረምቱ ዝናብ ጋር ይገጥማል። ያረጀውና የደረቀው ከሥሩ፣ የቀረው ደግሞ ከመሬት ጉልበት በሚደርስ ቁመት፣ ወደ ውጭ ከሚያመለክት ቡቃያ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በሰያፍ ይቆረጣል።